ልብ ጠባቂው ሰዓት በላስታ ዳገት

ሰዓቱን ገልብጠው ቢያዩት ከጀርባው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ሥራው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን በብዛት ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር የእጅ ደም ሥሮች ስለሚሞሉ ወደ ሰዓቱ የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል፤ በሁለት ምት መካከል ደግሞ ይጨምራል። ሰዓቱ ይህን መቀነስና መጨመር እየቆጠረ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ ያሳያል፤ ቁጥሩ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ወይም ሲያንስ እጅን ነዝሮ ያስጠነቅቃል።

እዚህ ለመድረስ ረጅም መንገድ ተሄዷል። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የሚንቀሳቀስን ሰው የልብ ምት ለመመዝገብ የሠራው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘል፣ ከ35 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሸክም ነበር። የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ያለ ሽቦ የሚሠራ የልብ ምት መቁጠሪያ ለስፖርተኞች አቀረበ። የዛሬዎቹ ሰዓቶች ግን የስፖርተኛ ብቻ መሆናቸው ቀርቷል፤ ከውጭ ዘመድ የላከላቸውን ሰዓት የልብ ሕመምተኞችም ያስሩታል።

በአገራችን የልብ ምት መዛባት የአረጋውያን ሕመም ብቻ አይደለም። በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሩማቲክ የልብ በሽታን ሊያመጣ ይችላል፤ የልብ ቫልቭ ይጠብባል፤ ከዚያ በስተኋላ ያለው የልብ ክፍል በደም ተወጥሮ ይለጠጥና ምቱ ሥርዓት ያጣል። ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት ይህንን ነው። ሕመሙ ወጣቶችን፣ እርጉዞችንና በሥራ ዕድሜ ያሉ ሰዎችን ይይዛል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው፣ በዶ/ር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ከሚያያቸው ሕፃናት ብዙዎቹ የዚሁ በሽታ ተጠቂዎች ናቸው።

ቫልቩ ለጠበበ ሰው የምት ፍጥነት ቀላል ነገር አይደለም። ደም በጠባቡ በር ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል። ልብ ሲፈጥን በሁለት ምት መካከል ያለው ዕረፍት ያጥራል፤ ደሙ ሳያልፍ ወደ ኋላ ይጠራቀምና ሳንባን ያጨናንቃል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ ለአንዱ ሕመምተኛ 110 የሚታገሡት ቁጥር ሲሆን ለሌላው የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ይህን ልዩነት አያውቅም። ለምሳሌ አፕል ዋች ከፋብሪካ ሲመጣ የላይኛው ልክ በ120፣ የታችኛው በ40 ላይ ነው። ባለቤቱ ግን የላይኛውን ከ100 እስከ 150፣ የታችኛውን እስከ 50 ድረስ መቀየር ይችላል። የሚቀየረው በግምት ሳይሆን ከሚከታተለው ሐኪም ጋር በመነጋገር ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላም ነገር አለ። ይህ ማስጠንቀቂያ የሚመጣው ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ለ10 ደቂቃ ያህል ምቱ ከልክ አልፎ ሲቆይ ነው። በላስታ ካለችው ከላሊበላ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው የአሸተን ማርያም ገዳም የሚወጣ ሰው ልቡ ቢፈጥን ሰዓቱ ዝም ይላል፤ ዳገት መሆኑን ይረዳለታል። ዳገቱ ላይ የሚመራው ቁጥሩ ሳይሆን ትንፋሹ ነው፤ እየሄደ መናገር ያቃተው የልብ ሕመምተኛ ይቁም፣ ይቀመጥ።

የከፍታው ነገርም መረሳት የለበትም። በላሊበላ ከፍታ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ለምዶታል። 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከቆቦ ሜዳ ለገና የመጣ ሕመምተኛ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቀምጦም ልቡ ከወትሮው ሊፈጥንበት ይችላል። ጾሙ፣ የእግር መንገዱ፣ የውኃ ጥሙና የሌሊቱ ቁመት ሲደመሩ ደግሞ ይብሳል። ለመሳለም ሲነሣ ክኒኑን ቤት ትቶ የሄደ ሰው ላይ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መድኃኒቴን ወስጃለሁ? ውኃስ ጠጥቻለሁ?» የሚለውን ነው። መድኃኒት በጾም እንዴት እንደሚወሰድ ደግሞ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር አስቀድሞ መጨረስ ይገባዋል።

ሰዓቱ የሚሳሳትባቸው ጊዜያትም አሉ። በሌሊት ቁር የእጅ ደም ሥሮች ሲኮማተሩ ምልክቱ ይደክማል፤ እጅን ጋቢ ውስጥ አሙቆ እንደገና ማየት ነው። ጸናጽል በሚያወዛውዝ እጅ ላይ የታሰረ ሰዓት የእጁን ዜማ ከልብ ምት ጋር ሊያምታታ ይችላል። ጥቁር ቆዳ ላይ ይሳሳታል ወይ ለሚለው፣ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት በቆዳ ቀለም ምክንያት ጉልህ ልዩነት አላገኙም፤ ስሕተቱን ያባባሰው እንቅስቃሴው ነበር።

ትልቁ ስሕተት ግን ከሕመሙ ከራሱ ይመጣል። ምቱ በተዛባ ልብ አንዳንዱ ምት በጣም ስለሚደክም እጅ ድረስ አይደርስም። ጥንቁቅ ነርስ ይህን ታውቃለች፤ በማዳመጫ ደረት ላይ ስትቆጥር ባልደረባዋ በዚያው ደቂቃ የእጅ አንጓ ላይ በጣቱ ይቆጥራል። ደረት ላይ 120፣ እጅ ላይ 95 ሊገኝ ይችላል። እጅ ላይ ያለው ሰዓት የሚያየው 95ቱን ነው። ስለዚህ ሰዓት ያለው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ምቱ በማዳመጫ እንዲቆጠርለት ይጠይቅ፤ የሰዓቱን ቁጥር ከዚያ አጠገብ ጽፎ ይያዝ። ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ ሰዓቱ የሚናገረው ትርጉም ይኖረዋል።

ከመግዛት በፊት አንድ ነገር ይጣራ፤ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት (ኢሲጂ) የሚያነሣው ክፍልና ያልተስተካከለ ምት የሚያሳውቀው አገልግሎት በሁሉም ሰዓት የለም፣ በሁሉም አገርም አይከፈትም። ብዙዎቹ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቻርጅ ይፈልጋሉ። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት ለከረመችው ላሊበላ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ በሁለት ጣት የእጅ አንጓን ይዞ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር የቤተሰቡም ሙያ መሆን አለበት።

ሰዓቱ ፈጽሞ የማያየው አደጋ ደግሞ የደም መርጋት ነው። በተዛባ ምት ልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል፤ ይህም ቁጥሩ 75 ሆኖ ሳለ እንኳ ሊሆን ይችላል። «ሰዓቴ ደኅና ነህ ብሎኛል» ብሎ የደም ማቅጠኛውን ወይም ለሩማቲክ በሽታው በየወሩ የሚወጋውን ፔኒሲሊን የሚያቋርጥ ሰው የሰዓቱን ሥራ ከሐኪሙ ሥራ ጋር አደባልቋል። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ዐርፎም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መያያዝ ሲታይ ሰዓቱ ዝም ቢልም ማስጠንቀቂያ አይጠበቅም፤ ሰው ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።