ካርፓትካ፦ ጉርብጥብጡን ተዉት

ከፖላንድ ኬኮች ውስጥ ቤት መጋገር ለሚጀምር ሰው የምመርጥለት ካርፓትካን ነው። ሁለት ገጽ ስስ ሊጥ፣ በመካከላቸው ከወተትና ከእንቁላል የተሠራ ወፍራም ክሬም፣ ከላይ ዱቄት ስኳር፤ ሌላ ነገር የለውም። ሊጡ ሲጋገር አንዱ ቦታ ያብጣል፣ ሌላው ይሰረጉዳል። ስኳሩ ሲነሰነስበት በፖላንድ ደቡባዊ ድንበር የተዘረጉትን በረዶ የለበሱ የካርፓቲያን ተራሮች ይመስላል፤ ስሙንም ያገኘው ከእነሱ ነው። በዓለም ይበልጥ የሚታወቀው ዘመዱ ክሬሙፍካ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1999 የትውልድ ከተማቸውን ቫዶቪጼን ሲጎበኙ፣ በተማሪነታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ይበሉት እንደነበር በአደባባይ አነሱ፤ ከዚያ ወዲህ ዝናው ገነነ። የክሬሙፍካ ሊጥ ግን ቅቤ እየተነባበረበት ደጋግሞ የሚዳመጥ ስለሆነ ለቤት አድካሚ ነው። ለካርፓትካ ድስትና ማማሰያ ይበቃሉ።

ሙያውን ሳስተምር የማየው ድካም ሁሌም ያለቦታው የዋለ ነው። ሰዎች ጥሬውን ሊጥ ትሪው ላይ ለማለስለስ ይጨነቃሉ። አያስፈልግም! በማንኪያ ጀርባ ስስ አድርጎ መዘርጋት ይበቃል፤ ጉብታውን የሚሠራው እንፋሎቱ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ሙቀቱ ነው።

250 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 125 ግራም የገበታ ቅቤና ቁንጥር ጨው አፍሉ። ሲንተከተክ 150 ግራም የፉርኖ ዱቄት በአንድ ጊዜ ጨምራችሁ እንደ ገንፎ አማስሉ። ገንፎ የለመደ እጅ እዚህ ላይ አስተማሪ አይፈልግም። ሊጡ ከድስቱ ተላቅቆ ሲጠቀለልና ከድስቱ ሥር ስስ ሽፋን ሲይዝ ይወጣል። ዱቄቱ በደንብ ካልበሰለ ውሃውን አይዝም፤ ኋላ ኦቨን ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ሊጡን የሚያነሳው ደግሞ ያ ውሃ ነው። ጣት የሚችለው ያህል ሲበርድ 4 እንቁላል አንድ በአንድ እየመታችሁ አስገቡ። 5ኛውን ለብቻው መትታችሁ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ሊጡ ከማማሰያው ላይ ከብዶ ቀስ እያለ መውደቅ ሲጀምር አቁሙ። ለሁለት ከፍላችሁ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ጋግሩ። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የኦቨኑን በር አትክፈቱ፤ ሊጡ ሳይጠነክር እንፋሎቱ ካመለጠ ተመልሶ ይተኛል።

ክሬሙ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ግማሽ ሊትር ወተት፣ 4 አስኳል፣ 120 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም የድንች ስታርችና ቫኒላ እሳት ላይ እየተማሰሉ ሲወፍሩ ወዲያው ያወርዱታል። ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይንተክተክ። አስኳል ውስጥ ስታርችን የሚሰብር ኢንዛይም አለ፤ በሙቀት ካልከሸፈ የወፈረው ክሬም አድሮ ይቀጥናል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና በበቆሎ ስታርች የሚሠራ ሰው ከዚህም በላይ መታገሥ አለበት። ፖላንዶች የለመዱት የድንች ስታርች ግን በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚወፍር ለደጋ ሰውም ይመቻል።

ቀጥሎ ፕላስቲክ ክሬሙን እንዲነካ አድርጋችሁ ሸፍኑና አቀዝቅዙ። 200 ግራም የገበታ ቅቤ ነጭ እስኪሆን ምቱ፣ ክሬሙንም በማንኪያ እየጨመራችሁ ምቱት። ሁለቱም የክፍሉን ሙቀት የያዙ ይሁኑ፤ ትኩስ ክሬም ቅቤውን ያቀልጠዋል፣ ከፍሪጅ የወጣ ደግሞ ያንኮረዋል። ቢንኮር አትድፉት። ሳህኑን እንፋሎት ላይ ጥቂት አሙቃችሁ እንደገና ብትመቱት ይመለሳል።

ክሬሙን በሁለቱ ገጾች መካከል አድርጋችሁ ለጥቂት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ፤ ጥርስ ባለው ቢላ ቁረጡ። ዱቄት ስኳሩን ከማቅረባችሁ በፊት ብቻ ነስንሱ። ሊጡ ከክሬሙ እርጥበት እየሳበ ስለሚልም ሁለት ቀን ሳያልፈው ብሉት።