ከኢንተርኔት ጋር የተያያዙ የቤት ዕቃዎችና የሚያስከትሉት አደጋ

የሰው ልጅ ቤት መሥራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ቤቱን የሚጠብቅበትን ዘዴ ሲፈልግ ኖሯል። አጥር አጥሯል፤ መዝጊያ ገጥሟል፤ ውሻ አሳድጓል፤ ቁልፍ ሠርቷል፤ ዘበኛ ቀጥሯል። ይህ ሁሉ የተዘጋጀው በእግሩ መጥቶ በእጁ ሰብሮ ለሚገባ ሌባ ነው። በዘመናችን ግን አጥር ሳይዘል፣ መዝጊያ ሳይነካ፣ ውሻ ሳያስጮህ በሺህ ከሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ ቤት የሚገባ ሌባ ተፈጥሯል። የሚገባውም ባለቤቱ ራሱ ገዝቶ ባመጣቸው ዕቃዎች በኩል ነው።

ቀደም ሲል ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው ኮምፒዩተር ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ቴሌቪዥኑ፣ የጥበቃ ካሜራው፣ የበር ደወሉ፣ አምፑሉ፣ የሕፃናት መጫወቻው ሳይቀር ትንሽ ኮምፒዩተር በውስጡ ይዞ ከኢንተርኔት ጋር ሊገናኝ ይችላል። የዚህ ጥቅም ቀላል አይደለም። በሥራ ቦታዋ ያለች እናት ቤት የተኛ ልጅዋን በስልኳ ታያለች። በውጭ አገር የሚኖር ልጅ የአረጋውያን ወላጆቹን ግቢ ይመለከታል። ነጋዴው ከቤቱ ሆኖ ሱቁን ይቆጣጠራል። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ከሩቅ የሚያይበት ካሜራ ጥንቃቄ ካልተደረገለት ባዕድም ሊያይበት ይችላል። መንገዱ ካልተጠበቀ ወዳጅን ከጠላት አይለይምና።

የእነዚህ ዕቃዎች ደካማነት ከሦስት ምክንያቶች ይመነጫል። አንደኛው የይለፍ ቃል ጉዳይ ነው። በጦር ሰፈር በር ላይ የቆመ ዘበኛ የይለፍ ቃሉን የተናገረውን ሁሉ እንደሚያስገባ፣ መሣሪያውም ትክክለኛውን ቃል የሰጠውን ሁሉ እንደ ጌታው ይቀበላል። ብዙ ፋብሪካዎች ግን በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ዕቃዎች አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ሰጥተው ለገበያ ሲያቀርቡ ቆይተዋል። ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ ሳይለውጠው ይጠቀምበታል። ሁለተኛው ምክንያት መሣሪያው የሚሠራበት ሶፍትዌር በየጊዜው አለመታደሱ ነው። በውስጡ ጉድለት ሲገኝ ካልታረመ ጉድለቱ እንደ ተሰበረ መስኮት ክፍት ሆኖ ይኖራል። ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ የተጠለፈው ዕቃ እንደ ወትሮው መሥራቱን አለማቋረጡ ነው። ካሜራው ሥዕል ያሳያል፤ አምፑሉም ይበራል። ስለዚህ ባለቤቱ ምንም ነገር አይጠረጥርም።

የአደጋው መጠን ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር «ሚራይ» የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ተገኘ። ስሙ በጃፓን ቋንቋ «መጪው ጊዜ» ማለት ነው። ፕሮግራሙ በኢንተርኔት ላይ ያሉ አድራሻዎችን ያለ ዕረፍት እየዞረ ይፈትሽ ነበር። የጥበቃ ካሜራ፣ የቪዲዮ መቅረጫ ወይም የኢንተርኔት ማደያ መሣሪያ ሲያገኝ ከፋብሪካ የሚሰጡ ስልሳ ያህል የታወቁ ስሞችንና የይለፍ ቃላትን በየተራ ይሞክራል። ይህም አንድ ሌባ ስልሳ ቁልፎች በእጁ ይዞ ቤት ለቤት ቢዞር እንደ ማለት ነው። ከቁልፎቹ አንዱ ከከፈተለት ይገባል፤ መሣሪያውንም ለሩቅ አዛዡ ታዛዥ ያደርገዋል። በዚህ ሁኔታ በአንድ ወቅት በፕሮግራሙ የተያዙት መሣሪያዎች ቁጥር ወደ 600,000 ደርሶ ነበር።

አንዲት የቤት ካሜራ ብቻዋን ምንም ኃይል የላትም። ይሁን እንጂ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አነጋገር ለክፉ ሥራም ይሠራል። አንድ ሱቅ በር ላይ ምንም የማይገዙ አሥር ሺህ ሰዎች ቢጋፉ እውነተኛው ደንበኛ መግቢያ ያጣል። የተጠለፉት መሣሪያዎችም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ድርጅት ኮምፒዩተሮች ጥያቄ በማዥጎድጎድ አገልግሎቱን ያፍናሉ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2016 የደረሰው ይኸው ነው። በዚያን ዕለት የተጠቃው በአሜሪካ የሚገኝ ዳይን የተባለ ኩባንያ ነበር። ይህ ኩባንያ እንደ ስልክ ማውጫ የድረ ገጾችን ስም ከአድራሻቸው ጋር የሚያገናኝ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ማውጫው ሲታፈን ትዊተር፣ ኔትፍሊክስ፣ ስፖቲፋይና ሌሎችም ታላላቅ ድርጅቶች ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት የማይገኙ ሆኑ። ካሜራዎቻቸው በጥቃቱ የተካፈሉባቸው ሰዎች ግን ነገሩን አላወቁም።

የፕሮግራሙ ምስጢር በመስከረም ወር መጨረሻ ለሕዝብ ተለቅቆ ስለ ነበር ሌሎችም እየቀዱ ተጠቀሙበት። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በምዕራብ አፍሪካ በምትገኘው በላይቤሪያ የአንድ የቴሌፎን ኩባንያ አገልግሎት በተመሳሳይ ጥቃት ታወከ። ጥቃቱን ያደረሰው እንግሊዛዊ የተቀጠረው በተወዳዳሪ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት የሁለት ዓመት ከስምንት ወር እስራት ተፈረደበት። ሚራይን የፈጠሩት ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ጥፋታቸውን አምነዋል።

አደጋው በሩቅ ድርጅቶች ብቻ አይወሰንም፤ የቤተሰብን ገመናም ይነካል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 የጀርመን መንግሥት «ኬይላ» የተባለች ተናጋሪ አሻንጉሊት እንዳትሸጥ አገደ። ምክንያቱም በአካባቢው ያለ ማንኛውም ሰው ያለ ይለፍ ቃል በስልኩ ከአሻንጉሊቷ ጋር ተገናኝቶ የሕፃኑን ንግግር ሊያዳምጥ፣ በእርሷም አፍ ሊያናግረው ይችል ስለ ነበር ነው። የገዙ ወላጆችም መጫወቻዋን ከጥቅም ውጭ እንዲያደርጓት ተመከሩ።

ከእነዚህ ሁኔታዎች በኋላ አንዳንድ አገሮች ሕግ አውጥተዋል። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ጀምሮ በቀላሉ የሚገመት የወል የይለፍ ቃል ያለው ዕቃ መሸጥ ተከልክሏል። ሆኖም ሕግ ብቻውን ቤት አይጠብቅም። ባለቤቱ ዕቃውን እንደ ገዛ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ረጅምና ለመገመት በሚያስቸግር ቃል መለወጥ ይገባዋል። ሶፍትዌሩን በየጊዜው ማደስ፣ ከሩቅ መቆጣጠር የማያስፈልገውን መሣሪያ ከኢንተርኔት መለየት፣ ካሜራንም በመኝታ ክፍል አለማኖር ብልህነት ነው። ሚራይ የያዘው መሣሪያ ጠፍቶ ሲበራ ይጸዳ ነበር፤ ነገር ግን የይለፍ ቃሉ ካልተለወጠ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይያዛል። በአንዳንድ ዕቃዎች የይለፍ ቃሉን ባለቤቱ ሊለውጠው አይችልም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

በጥቅሉ ሲታይ ዕቃዎቹ የሚጠሉ ሳይሆኑ የሚጠበቁ ናቸው። የአንድ ቤት ካሜራ ሲጠለፍ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ፊቱን አይቶት የማያውቀው የሩቅ አገር ሰው ጭምር ነው። ስለሆነም የራስን በር መዝጋት ጎረቤትንም መጠበቅ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው የይለፍ ቃል ለመለወጥ የሚጠፋው ጥቂት ጊዜ በኋላ ከሚመጣው ጉዳት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጥያቄዎች

1. የጥንቱ ሌባና የዘመኑ ሌባ ወደ ቤት አገባባቸው በምን ይለያያል?
2. የመሣሪያዎቹን ደካማነት የሚያስከትሉትን ሦስት ምክንያቶች ዘርዝሩ።
3. «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አነጋገር በምንባቡ ውስጥ ለምን ተጠቀሰ? ከተለመደው አገባቡስ በምን ይለያል?
4. «የራስን በር መዝጋት ጎረቤትንም መጠበቅ ነው» የሚለውን ሐሳብ በአንድ አንቀጽ አብራሩ።