ስለ ሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርትና ለሕሙም እውነቱን ስለ መንገር

በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮኤቲክስ የሚባል ትምህርት ይሰጣል። ይኸውም ሐኪም በሰው ሥጋ ላይ ለመሥራት የሚችለውን ኹሉ ሊሠራው ይገባዋልን? እያለ የሚመረምር ትምህርት ነው። ነገሩ የሐኪሞች ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይኾናል። እኛም ከቤታችን እስኪገባ ድረስ እንደዚሁ ይመስለን ነበር።

ታላቅ ወንድማችን በጉበት ነቀርሳ ታመው በተኙ ጊዜ ሐኪሙ እኛን ወደ ውጭ ጠርቶ በሽታው የማይድን መኾኑን ነገረን። እኛም እንደ አገራችን ልማድ ከርሳቸው ሸሸግነው፤ ብርድ ነው አልናቸው። አንድ ቀን ማታ፤ ወረቀት አምጣና ኑዛዜዬን ጻፍልኝ ቢሉን፤ ጋሼ፤ ምን ያስቸኵልዎታል፤ ሲድኑ ይጽፉታል ብለን መለስንላቸው። የሰውን ኑዛዜ ስንገለብጥ የምንውል የፍርድ ቤት ጸሓፊ ስንኾን የገዛ ወንድማችንን ሳንጽፍ ቀረን። በ11ኛው ቀን ዐረፉ።

ከዚያ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ እንደ ምን እንደሚመረመር ለመረዳት ተጋን። መምህሩ የአንድ ሕሙም ታሪክ ያቀርባል፤ ልጆቹ ለአባታችን አትንገርብን ብለው ሐኪሙን ሲለምኑት ምን ያድርግ? ይላል። ተማሪው አሳቡን ከነምክንያቱ ይናገራል፤ ጓደኛው ይሞግተዋል። የጥንቱን የተጠየቅ ሙግት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። መመዘኛቸውም ቢቻምፕና ቻይልድረስ የሚባሉት መምህራን በ1979 (ዓመቶቹ ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ባሳተሙት መጽሐፍ የተዘረዘሩት አራት መሠረቶች ናቸው፤ የሕሙሙን ፈቃድ ማክበር፥ መልካም ማድረግ፥ አለመጉዳትና ፍትሕ።

መሸሸግ የእኛ ብቻ ልማድ እንዳይመስላችሁ። በሂፖክራጥስ ስም ከሚቈጠሩት የግሪክ መጻሕፍት አንዱ ሐኪም ብዙውን ነገር ከሕሙሙ እንዲሰውር ይመክራል። በ1961 በቺካጎ ከተጠየቁት 219 ሐኪሞች ከመቶው 90 ያህሉ ነቀርሳ ላለበት ሰው አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 እንደዚሁ ያለ ጥያቄ በሌላ ከተማ ለሐኪሞች ቢቀርብላቸው ከመቶው 97ቱ መንገር ይሻላል አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። የነቀርሳ ሕክምና መሻሻሉ አንድ ምክንያት ነው፤ ደግሞም ፍርድ ቤቶች ነገሩን ያዙት። በ1972 በዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት፥ ሐኪም የሕክምናውን አደጋ አስቀድሞ ለሕሙሙ መግለጥ ግዴታው ነው ብሎ ወሰነ።

በዚያው ከተማ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ከ1971 ጀምሮ ይህን ትምህርት የሚመረምር ተቋም አለ፤ ዋሽንግተንም ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ናት። መርዶን እንኳ ዘመድ ሰብስቦ በማለዳ የሚያረዳ ሕዝብ፥ ሐኪሙ ለብቻው ፊት ለፊት ሞትህ ቀርቧል ሲለው ምን ይሰማዋል? ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በ1992 በአሜሪካ በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፥ ክፉ ወሬ አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ እንዲነገር መክሯል።

እንግዲህ ሕጉ ይንገር ይላል፤ ልማዱ ይቈይ ይላል። ዛሬ ለተማሪዎች የሚሰጠው መልስ ሐኪሙ ገና ምርመራው ሳያልቅ ሕሙሙን ራሱን ይጠይቅ የሚል ነው፤ ነገሩን ኹሉ ለማወቅ ይሻሉን? ወይስ የሚሰማልዎ ሰው ይወክላሉ? ሕሙሙ ልጄ ይስማልኝ ቢል ውክልናው የራሱ ፈቃድ ነው፤ ዝምታውም ይከበርለታል። ነገር ግን ዘመድ በገዛ እጁ ወኪል ሊኾን አይችልም። ይህን ስናነብ እጅግ አፈርን፤ ያለ ውክልና ሰነድ የቆመን ጠበቃ ስንቱን ጊዜ ከችሎት ሲመለስ አይተናልና።

ወንድማችን ግን ሳይጠይቋቸው ጠይቀው ነበር። ወረቀት አምጣ ማለታቸው ምን ነበረ?

አኹን የፊተኛይቱ ሚስታቸው ልጆችና የኋለኛይቱ ልጆች በአንድ ቤትና በአንድ የእርሻ ይዞታ ይከራከራሉ። እኛም ዘመድ ስለ ኾንን መዝገቡን የሚጽፈው ሌላ ጸሓፊ ነው።