የራስጌው ጀርባ

በወሎ ከተሞች፣ በሐይቅም ሆነ በውጫሌ፣ ቤት ውስጥ የተሠራ ባለቁልፍ የአልጋ ራስጌ ሲታይ ዓይን የሚያርፈው ከፋዩ ላይ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ዞር ተደርጎ ጀርባው ይታይ እላለሁ። ቁልፎቹ በሚስማር ወይም በስቴፕል ከኮምፔንሳቶው ጋር ከተጠረቁ ራስጌው የተሠራው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀዳዳ ተበስቶ በጠንካራ ክር ከተሳቡና ከኋላ በሚፈታ ቋጠሮ ከታሰሩ ግን ዕድሜው በባለቤቱ እጅ ይሆናል። ምክንያቱ ስፖንጁ ነው። ጀርባ ሲደገፍበት የኖረ ስፖንጅ እያደር ይተኛል፤ ርካሹና ቀላሉ ደግሞ ይፈጥናል። እሱ ሲተኛ ጨርቁ ይረግባል፣ የቁልፎቹ ጉድጓድም ይጠፋል። ክር ያለው ራስጌ ያን ጊዜ ጥቂት ሳብ ተደርጎ እንደገና ይቋጠራል። ወሎ ይህን ከጠፍር አልጋ ያውቀዋል፤ ጠፍሩ ሲላላ ተወጥሮ ይታሰራል እንጂ አልጋው አይጣልም።

ቦታውም ይህን ያስገድዳል። ሐይቅ ከደሴ በአስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ጨርቅና ስፖንጅ ማስመጣት አይከብዳትም። ከአስፋልቱ ርቆ አምባሰል ተራራ ወገብ ላይ ላለ ቤት ግን ራስጌ አሸክሞ ወደ ሠሪ መውረድ ትልቅ ጣጣ ነው። እዚያ የሚሄድ ዕቃ ባለቤቱ ራሱ ሊጠግነው የሚችል መሆን አለበት።

ጊዜ ይፈጃል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ለሜትር ከሃምሳ አልጋ ቁልፎቹ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት 7፣ 6፣ 7 ሆነው በሦስት ረድፍ ቢሰደሩ 20 ቀዳዳ ይበሳል፣ 20 ክር ይሳባል። ነገር ግን አድካሚው ክፍል ልኬቱ ነው፤ በቁልፍና ቁልፍ መካከል ለጨርቁ ትርፍ መተው፣ እጥፋቱን በጣት እያስተካከሉ ማስተኛት። ይህ በስቴፕል ቢሠራም አይቀርም።

ከዚህ የሚከብደው ክርክር የአቧራና የትኋን ነው። እጥፋት ሁለቱንም እንደሚሸሽግ አልክድም። ቢሆንም ቋጠሮው ሲፈታ ልብሱ ወልቆ ይታጠባል፣ ስፖንጁም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በሚስማር የተጠረቀው ይህ ዕድል የለውም። ለዚህ ሲባል ጀርባው በአቡጀዲ ሲሸፈን ከላይ ብቻ ተመትቶ ከታች ክፍት ይሁን። አስም ያለበት ሰው ለሚተኛበት አልጋ ግን ቁልፍ የሌለውን ልሙጥ ራስጌ እመርጣለሁ፤ በታጠበ ማግስት አቧራው እጥፋቱ ውስጥ መግባት ይጀምራልና።