«አባዬ፣ ይሄ ጌም ተበላሽቷል!»

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ይህን ሲለኝ ገና አምስት ደቂቃ አልተጫወተም፤ ልዑሉ ግን ሁለቴ ከፎቅ ወድቆ፣ አንዴ በሹል ብረት ተወግቶ ሞቶበታል። በተማሪነቴ የሰው ኮምፒውተር እየለመንኩ የተጫወትኩትን «ፕሪንስ ኦፍ ፐርዥያ»ን ላሳየው ሳምንቱን ሙሉ ስጓጓ ነበር የከረምኩት። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ።

ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። «እንደ ሱፐር ማሪዮ ነው» ብዬ አስጀመርኩት። ላይ ላዩን ሲያዩት ሁለቱም ሩጫና ዝላይ ናቸው። ማሪዮ ግን ቁልፉን እንደነኩ ይዘላል፤ አየር ላይ ሆኖም አቅጣጫውን ማስተካከል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ልዑል እንደ ሰው ነው የሚንቀሳቀሰው። የጌሙ ፈጣሪ ጆርዳን ሜክነር የገዛ ወንድሙን ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀርጾ፣ ያንን እያየ ነው የሳለው። እናም ልዑሉ ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል፤ ከተነሳ ደግሞ አይመለስም። ጨዋታው ከሩጫ ይልቅ ለእንቆቅልሽ ይቀርባል።

በማግስቱ በሌላ መንገድ ነገርኩት። «ይሄ የማሰቢያ ጌም ነው። ልዕልቷን ለማዳን ያለህ 60 ደቂቃ ብቻ ነው። ስትሞት ደረጃውን እንደገና ትጀምራለህ፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅህም።» «ሺፍት»ን ተጭኖ በጥንቃቄ ወደ ጠርዙ መጠጋትንም አሳየሁት። (የዛሬ ጌሞች ይህን ራሳቸው ያስተምራሉ፤ የድሮዎቹ ለመመሪያ መጽሐፉ ትተውት ነበር።)

ወረቀትና እርሳስ አምጥቶ ካርታ መሳል ጀመረ። ትናንት ሦስተኛውን ደረጃ ጨረሰ። አራተኛው ላይ አንድ መስታወት አለ፤ ስለ እሱ ምንም አልነገርኩትም።