«ያቺ» እና «እኚያ»

ከወር በፊት አንድ ቅዳሜ ከእናቴና ከስድስት ዓመቷ ልጄ ጋር ኢምፔሪያል አካባቢ አስቤዛ ገዝተን ስንመለስ፣ ነጠላ የለበሱ ጎረቤታችን ከመንገዱ ማዶ እጃቸውን አውለበለቡልን። ልጄ ወደ እኔ ዞራ «ያቺ ማናት?» አለች። እናቴ ክው አለች። «ልጅሽን ምን እያስተማርሻት ነው?»

ልጄን ለመቆጣት አልቸኮልኩም። ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት የምትሰማው እንግሊዝኛ ነው፤ ያሰበችውም «ዛት» ብላ ነው። «ዛት» ደግሞ ለወንድም ለሴትም፣ ለሕፃንም ለአዛውንትም፣ ለወንበርም ያው ነው። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ለወንዴ ስም «ሴ»፣ ለሴቴ «ሴዮ»፣ ከሁለቱም ላልሆነው «ዛት» ይባል ነበር። ቋንቋው የስም ፆታን እየተወ ሲሄድ «ዛት» ብቻውን ሁሉንም ጠቅልሎ ያዘ። የጀርመንኛው «ዳስ» ዘመዱ ነው።

የእኛስ? እስቲ «ይህ» በሉ። አሁን «በ»ን ጨምሩበት። «በይህ» ሳይሆን «በዚህ» አላችሁ አይደል? ያ «ዘ» በግዕዝም አለ። በግዕዝ ቅርብ ያለው ወንድ «ዝ»፣ ሴቷ «ዛ» ይባላሉ፤ የዕብራይስጡ «ዜ» እና የዐረብኛው «ሃዛ» ዘመዶቻቸው ናቸው። አማርኛ በቃሉ መጀመሪያ ላይ «ዘ»ን ወደ «የ» ለወጠው፤ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ሲቀድሙት ግን እንደ ጥንቱ አቆየው። «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚለው «ዘ»ም በአማርኛ «የኢትዮጵያ» ሆኗል።

አማርኛ ሩቅ ላለው አንድ «ዛት» አይበቃውም። «ያ» ለወንድ፣ «ያቺ» ለሴት፣ «እነዚያ» ለብዙ፣ «እኚያ» ለምናከብረው ሰው ነው። ቅርብ ላለ አክብሮት ደግሞ «እኚህ» አለ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና አንድ ቃል ሰውን ሊያቀርብም ሊያርቅም እንደሚችል አውቃለሁ። ልጄ ቃሉን ካጣችው የምታጣው ሰዋስው ብቻ አይደለም፤ ታላቅን የምታይበትን ዓይን ጭምር ነው።

ስለዚህ ማታ ማታ በረንዳ ላይ መጫወት ጀመርን። እኔ እጠቁማለሁ፣ እሷ ትመርጣለች። «ያ ታክሲ፣ ያቺ ድመት፣ እነዚያ ልጆች፣ እኚያ አባት።» እናንተም ሞክሩት፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ስትሳሳት አትሳቁባት፣ ትክክለኛውን ደግማችሁ በሉላት እንጂ።

ትናንት ጠዋት ከበረንዳው ተጣራች። «እማዬ፣ እኚያ እማማ እየመጡ ነው!»

ቡና እያፈላች የነበረችው እናቴ ፈገግ ብላ ረከቦቱ ላይ አንድ ስኒ ጨመረች።