ቤቱ በሐራጅ ከተሸጠ በኋላ

የቤት ካርታ አስይዞ ከባንክ መበደር በከተሞቻችን የተለመደ ነው። ንግዱ ከቀና ዕዳው ተከፍሎ ካርታው ይመለሳል፤ ካልቀና ግን ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ በይሉኝታ ተይዞ፣ ወረቀቱን ሁሉ ሣጥን ውስጥ ከቶ ዝም ይላል። እኛ ግን ዝምታው ሁለተኛ ኪሳራ ነው እንላለን፤ ሐራጁ ባለቤትነትን ይጨርሳል እንጂ ሒሳቡን አይጨርስምና።

አስቀድሞ ሕጉን እንመልከት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አበዳሪ የሕግን ሥርዐት ሳይከተል መያዣውን እንዲወስድ የሚፈቅድ ውል ዋጋ የለውም ይላል። ለባንኮች ግን አዋጅ ቁጥር 97/1990 እና በ1992 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያው የተለየ ሥልጣን ሰጥተዋቸዋል። በውሉ ላይ ስምምነት ካለ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ ለመሸጥ ይችላል። በሁለተኛውም ሐራጅ ገዢ ከጠፋ፣ በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ራሱ ሊረከበው ይችላል።

እንግዲህ ቤቱን ያጣ ሰው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ሒሳቡን በጽሑፍ ይጠይቅ። ዕዳው ከነወለዱና ከነወጪው 2 ሚሊዮን ብር ነበር፣ ቤቱም በ2 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ተሸጠ እንበል፤ ትርፉ 600 ሺህ ብር የባለቤቱ ነው። ባንኩ ራሱ ከተረከበው ደግሞ፣ የተያዘው ዋጋ የመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ መሆኑን ያረጋግጥ።

ሁለተኛ፣ ቤቱ የተሸጠው በ1 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ከሆነ፣ የቀረው 300 ሺህ ብር በተበዳሪው ላይ ዕዳ ሆኖ ይቆያል። ሳይከሰስ ቀርቦ ስለ አከፋፈሉ ቢነጋገር ይሻለዋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ሦስተኛ፣ ሥርዐቱ ተጠብቆ እንደ ሆነ ይመርምር። ማስጠንቀቂያው መቼ ደረሰው? ሐራጁስ በሚገባ ተነግሮ ነበርን? ባንኩ ሥርዐቱን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ፣ አዋጁ ለጉዳቱ ኀላፊ ያደርገዋል።

አራተኛ፣ ዕዳው የማን እንደ ሆነ ይለይ። አባት ለልጁ ንግድ ቤቱን የሚያስይዝበት ጊዜ ብዙ ነው። የፈረመው መያዣ ብቻ ከሆነ ተጠያቂው ቤቱ ነው፤ የዋስትና ውል ጨምሮ ከፈረመ ግን በሌላውም ንብረቱ ሊጠየቅ ይችላል። በሌላ ሰው ዕዳ ቤቱን ያጣ፣ ያንኑ ባለዕዳ መልሶ ለመጠየቅ መብት አለው።

አምስተኛ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ፈርመው እንደ ሆነ ይታይ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ የጋራ ቤትን ለማስያዝ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ለመጠየቅ የሚችለው ነገሩን ካወቀ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ቢዘገይም ውሉ ከተፈረመ 2 ዓመት ማለፍ የለበትም። ዝም ያለ ሰው ይህን መብት ሳያውቀው ያጣዋል።

ቤቱን ስለ መልቀቅም ቢሆን፣ ከገዢው ጋር ስለ ጊዜ ወይም ስለ ኪራይ መነጋገር አያሳፍርም። ገዢው የመስማማት ግዴታ የለበትም፤ ከተስማማ ግን ስምምነቱ በወረቀት ይስፈር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለምን?

ጠበቃ ለመያዝ ዐቅም ያነሰው ሰው፣ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከሎች እንዳሉ ይወቅ። እኛም ብንሆን የሕግ ተማሪዎች አይደለንም፤ ነገር ግን አዋጆቹ በነጋሪት ጋዜጣ በዐማርኛ ታትመዋል፤ ማንበብ ለሚችል ሁሉ ክፍት ናቸው። በየቤታችን ከባንክ የመጣውን ደብዳቤ እንዲያነብ የሚጠራው ደግሞ ተማሪው ልጅ ነው። በተጠራን ጊዜ ደብዳቤውን አንብበን ብቻ አንመልሰው፤ የተጻፈበትን ቀን እናስተውል፣ ቁጥሩን እንደምር፣ መልሱንም ከወላጆቻችን ጋር ተቀምጠን እንጻፍ።